ሁለት ባልዲ

የሽንኩርት ልጣጭ ቆሻሻ አይደለም። ባዶ የዘይት ጀሪካንም ቆሻሻ አይደለም። የሕፃን ዳይፐር ግን ቆሻሻ ነው። ሦስቱን በአንድ ፌስታል ቋጥረን ደጅ ስናወጣ ሦስቱም እኩል ቆሻሻ ይሆናሉ። ልጣጩን ለበግ የሚሰጠው የለም፤ ጀሪካኑንም ቆራሌው ዞር ብሎ አያየውም።

ስለ ቤት ቆሻሻ ባሰብኩ ቁጥር የምደርሰው እዚሁ ላይ ነው። እነዚህ ነገሮች ቤታችን ሲገቡ ቆሻሻ አልነበሩም። ቆሻሻ የሆኑት ኩሽና ውስጥ፣ በእኛው እጅ፣ ሲደባለቁ ነው። አካባቢ ጥበቃ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ችግኝ ነው። ችግኙ ጥሩ ነው፤ ይተከል። ነገር ግን ችግኝ የምንተክለው ክረምት ሲመጣ ነው፤ ሽንኩርት የምንልጠው በየቀኑ ነው።

እኛ ቤት ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ሁለት ባልዲ አለ። አንዱ ለእርጥቡ፣ ሌላው ለደረቁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ባልዲዎች የመጣ ነው።

የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባልዲዎቹን ከማስቀመጤ በፊት ያጠራቀምነውን ቆሻሻ አሮጌ ጆንያ ላይ ዘርግፌ አይቼው ነበር። ምን እንደምንጥል ሳላውቅ ምን እቀንሳለሁ ብዬ ነው። አብዛኛው የሽንኩርት ልጣጭ ነበር። ወጣችን የሚጀምረው በሽንኩርት ነዋ፤ ዶሮ ወጥ በተሠራ ቀንማ የልጣጩ ክምር ከዶሮው ይበልጣል። ከዚያ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን አገዳ፣ የቡና አተላ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የእንቁላል ቅርፊት። ክብደቱን የያዘው ይሄ ነው። ፕላስቲኩ ቦታ ይይዛል እንጂ አይከብድም።

ይህ የእኔ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነው። ጎመኑን ከነአገዳው፣ ድንቹን ከነአፈሩ ገዝተን ቤት ውስጥ ስለምንሠራ ነው። እንደኔ ይህ መልካም ዜና ነው። የሚበሰብስ ነገር ወደ አፈር መመለስ ይችላል። ፋብሪካ አይፈልግም፤ ከውጭ የሚመጣ ማሽንም አይፈልግም።

ካልመለስነውስ የት ይሄዳል? በማኅበር የተደራጁ የጽዳት ሠራተኞች ከየደጃችን በጋሪ ይሰበስቡታል፤ ክፍያውም ከውሃ ሂሳብ ጋር ተደርቦ ይከፈላል። ከጋሪው ወደ ገንዳ፣ ከገንዳው ወደ መኪና፣ ከመኪናው ወደ ቆሼ።

ቆሼ፣ በሌላ ስሙ ረጲ፣ ከ50 ዓመት በላይ የከተማዋን ቆሻሻ ተሸክሟል። ሲጀመር ከከተማ ውጭ ነበር፤ ኋላ ከተማው ሄዶ ከበበው። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተናደና ከሥሩ የነበሩትን ቤቶች ከነሰዎቹ ቀበረ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። የእኔ ቤት ልጣጭም እዚያ ክምር ውስጥ አለ። የእናንተም አለ። ይህን ካሰብኩ ወዲህ ነገሩ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶብኛል።

እርጥብ ቆሻሻ እንዲህ ያለ ክምር ውስጥ ሲቀበር አየር ያጣል። ያለ አየር የሚበሰብስ ነገር ሜቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሜቴን በ20 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 ጊዜ በላይ የበለጠ ሙቀት ያምቃል። ውሃው ደግሞ ክምሩን ያከብደዋል፤ ከዚያም ጥቁር ፍሳሽ ሆኖ ወደ መሬት ይሰርጋል። ከአደጋው በኋላ ቆሼ ላይ የፉኩኦካ ዘዴ የሚባል የጃፓኖች አሠራር ተሞክሯል። ዋና ነገሩ ቀላል ነው፤ በቆሻሻው ውስጥ ቱቦ ይዘረጋል፣ ፍሳሹ በቱቦው ይወጣል፣ አየር በቱቦው ይገባል።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ረጲ ላይ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል። በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል የታሰበ ነው። ይሁንና እርጥብ ልጣጭ እንደ እንጨት አይነድም። እሳቱ አስቀድሞ ውሃውን ማትነን አለበት፤ ጉልበቱ እዚያ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ቆሻሻው ቢቀበርም ቢቃጠልም ያው እርጥቡና ደረቁ አለመለየታቸው ነው የሚያስቸግረው። መለያውም ጊዜ ከኩሽና ሳይወጣ ነው። ከወጣ በኋላ ማንም መልሶ አያላቅቀውም።

ወደ ባልዲው ልመለስ። እርጥቡ ሲሞላ በረንዳ ላይ ወዳለው የቀለም ባልዲ ይገለበጣል። 20 ሊትር የሚይዘው ዓይነት ነው፤ ቀለም ቀቢዎች ሥራ ሲጨርሱ በትንሽ ብር ይሰጣሉ። ጥሩ አድርጌ አጥቤ ግርጌውንና ጎኑን በጋለ ምስማር በሳስቼዋለሁ። ከሥሩ ሰፊ ሳህን አለ፤ ጠብ የሚለውን ይይዛል።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ሰጋቱራ ነው። ሰፈራችን ካለው እንጨት ቤት በጆንያ አመጣለሁ። ልጆቹ ወለሉ ስለሚጸዳላቸው ደስ ብሏቸው ነው የሚሰጡኝ። ከቺፕውድና ከኤምዲኤፍ የወጣውን አልወስድም፤ ሙጫ አለበት። ከጣውላ የወጣውን ብቻ ነው የምፈልገው። ሰጋቱራ ካጣችሁ ደረቅ ቅጠል ይሆናል፤ የተቀደደ ካርቶንም ይሆናል።

መጀመሪያ ግርጌው ላይ አንድ ጭብጥ ሰጋቱራ ይነሰነሳል። ከዚያ ልጣጩ፣ በተቻለ መጠን ተከትክቶ። በላዩ ደግሞ ሰጋቱራ። ልጣጭ በጨመሩ ቁጥር ሰጋቱራ ማልበስ ነው። በሳምንት አንዴ በእንጨት ከታች ወደ ላይ ማገላበጥ። በቃ። ለማወቅ ከፈለጋችሁ አንድ እፍኝ አንሱና ጨበጥ አድርጉት። እጃችሁን ካረጠበ፣ ጠብ ካላለ፣ ልክ ነው። ጠብ ካለ ሰጋቱራ ጨምሩ። እጃችሁ ላይ ከተበታተነ አትክልት ያጠባችሁበትን ውሃ ጣል ጣል አድርጉበት። ከሸተተ አየር አጥቷል ማለት ነው፤ ደረቅ ነገር ጨምሮ ማገላበጥ ነው መድኃኒቱ።

ወጥ አይገባም። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይትም አይገቡም። አይጥና ዝንብ የሚጠሩት እነሱ ናቸው። የሎሚ ልጣጭ ትንሽ ትንሽ ብቻ። የቡና አተላ የፈለገውን ያህል። እኛ ቤት ከአቦል እስከ በረካ ስለሚጠጣ አተላ አጥተን አናውቅም።

ሦስት አራት ወር ሲሞላው ሽንኩርቱም ድንቹም የለም። ጥቁር፣ ፍርክስክስ የሚል አፈር ነው የሚገኘው። የእንቁላሉ ቅርፊት ብቻ ነጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከተራ አፈር ጋር እኩል ደባልቄ በተቀደዱ ጀሪካኖች ሞላሁት። ቆስጣ አለኝ፤ ቃሪያ አለኝ፤ በሶብላ አለኝ። ከሁሉም የምወደው ጤና አዳሙን ነው። ከቡናው አተላ በመጣ አፈር ላይ በቅሎ ተመልሶ ስኒ ውስጥ ይገባል።

ጎረቤት መጀመሪያ ላይ ሰግቶ ነበር። አንዱ ጎረቤታችን "አይጥ ታመጪብናለሽ" አለኝ። ተገቢ ስጋት ነው። ክዳኑን ከፍቼ አስሸተትኩት። ምንም አላለም፤ ሁለተኛም አላነሳውም። ከአንደኛ ፎቅ ያሉት እማማ ግን ባልዲውን ሲያዩ ሳቁ። "ይኼማ ጓሮ አይደለም እንዴ! እኛ አገር አመዱም፣ ልጣጩም፣ ፍጉም ጓሮ ነበር የሚደፋው። ዱባው ማንም ሳይተክለው ይበቅል ነበር" አሉኝ። ልክ ናቸው። ገጠር ለቤት የቀረበው መሬት ከሁሉ የበለጠ የሚያበቅለው ለዚህ ነው፤ ከቤት የሚወጣው ሁሉ እዚያ ያርፋል። ኮንዶሚኒየሙ ጓሮ አልሠራልንም፤ ባልዲው በረንዳ ላይ ያለ ጓሮ ነው። እማማ አሁን ልጣጫቸውን አንድ ላይ አጠራቅመው በልጅ ይልኩልኛል። በተራዬ ጎመን ስቆርጥ እሰድላቸዋለሁ።

ስለ ቄጤማ አንድ ነገር ልበል። የበዓል ማግስት ቄጤማው ተጠርጎ ከቆርኪና ከፌስታል ጋር ደጅ ይጣላል። ያሳዝነኛል። ደርቆ ቢጎዘጎዝ ለባልዲው ከሰጋቱራ ያልተናነሰ ነገር ነው። ከመጥረጋችሁ በፊት ቆርኪውን ብቻ ልቀሙ። ቡና ቤቶች አሁን አሁን የሚያነጥፉትን የፕላስቲክ ቄጤማ ግን አልወደውም። አይሸትም፤ አይደርቅም፤ አይበሰብስም። ሲያረጅ እየተበጣጠሰ ቱቦ ይገባል። ቄጤማ የገዛ ሰው ለቄጤማ ሻጯ እናት ገንዘብ ሰጠ፤ ይኸኛው ለማን ምን እንደሚጠቅም አይገባኝም።

አሁን ወደ ደረቁ። ደረቁን ባልዲ ያመጣው ልጣጩ አይደለም፤ አንዲት የጽዳት ማኅበር ሠራተኛ ናት። ጠዋት በጋሪ ስትመጣ ፌስታሉን ሳቀብላት መዳፏ በጨርቅ ታስሮ አየሁ። "ምን ሆንሽ?" አልኳት። "ጠርሙስ ነው እህቴ፤ ሰው እኮ ከነስባሪው ይቋጥረዋል" አለችኝ። ሌላውን ጓንቷን አሳየችኝ፤ ጣቶቹ ጋ አልቋል። ፌስታል ስትይዝ ውስጡ ምን እንዳለ አታውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት የተሰበረ ጠርሙስ በካርቶን ተጠቅልሎ፣ በፕላስተር ታሽጎ፣ "ስባሪ ነው" ተብሎ በእጅ ነው የሚሰጠው። ይህን ለማድረግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሌላውን ሁሉ ብትተዉት እንኳ እባካችሁ ይህን አትተዉ።

ደረቁ ባልዲ ውስጥ የሚገባው ታጥቦ ነው። ጀሪካን፣ ሃይላንድ፣ የቲማቲም ጣሳ፣ ካርቶን፣ ወረቀት። ዕቃ ስናጥብ በመጨረሻው ውሃ ለቅለቅ ይደረጋል፤ ለብቻው ውሃ አይባክንም። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ለዚህ ተብሎ ቧንቧ አይከፈትም። የታጠበና ያልታጠበ ዋጋው አንድ አይደለም። ቆራሌው ጀሪካኑን አሽትቶ ነው ዋጋ የሚናገረው። ካርቶን ወጥ ከነካው ማንም አይገዛውም።

አዲስ አበባ ቆሻሻን መልሶ መጠቀም ከፈረንጅ የሚማር ከተማ አይደለም። "ቆራሌው!" እያለ ጆንያ ተሸክሞ የሚዞረው ልጅ ከየቤቱ የሰበሰበውን መርካቶ ያደርሳል። ምን አለሽ ተራ ሄዳችሁ እዩ። ጎማው በረባሶ ሆኗል። በርሜሉ ተቀጥቅጦ ምድጃ ሆኗል። ጣሳው ኩራዝ፣ ጠርሙሱ ዘይትና ማር መያዣ። በልዋጭም አሮጌ ልብስና ጫማ ሰጥተን ሳፋ እንቀበላለን። የለስላሳና የቢራ ጠርሙስ ባዶውን ካልመለስን ወይም መያዣ ካልከፈልን አይሰጠንም፤ ጠርሙሱ ተመልሶ ታጥቦ ይሞላል። ለዚህች ከተማ ንጽሕና ከባዱን ሥራ ከሚሠሩት መካከል እነዚህ ልጆች ናቸው ብል አላጋነንኩም። ክብር ይገባቸዋል። ቢያንስ ቢያንስ ንጹሕ ዕቃ ይገባቸዋል። ከልጁ ጋር በአምስት ብር ስንከራከር መዋላችን ደግሞ ደስ አይለኝም።

ቆራሌው የማይገዛው አንድ ነገር አለ፤ ስስ ፌስታል። ስለዚህ እሱን ከመለየት ቤት አለማስገባት ይሻላል። ሕጉ አዲስ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ገበያው ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። አዋጁን እደግፋለሁ። አዋጅ ቢወጣም ባይወጣም ግን ዘንቢል መያዝ የእኛ ሥራ ነው።

አትክልት ገበያ ላይ ዘንቢል ስትዘረጉ ሻጮቹ ይገረማሉ። "ሽንኩርቱና ድንቹ አንድ ላይ?" ይላሉ። አዎ፣ አንድ ላይ፤ ቤት ሲደርስ ይለያል። ቲማቲሙ ከላይ ይሁን እንጂ። ሥጋ ቤት ክዳን ያለው ዕቃ ይዤ እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ ሚዛኑ ላይ ዕቃውን ለብቻው እንዲመዝኑት እጠይቃለሁ። የሥጋ ቤቱ ጋሼ አሁን ሳልነግራቸው ነው እጃቸውን የሚዘረጉልኝ።

ፌስታል ላይ እንዲህ የጠናሁት በከብቶቹ ምክንያት ነው። ከብት ፌስታል የሚበላው ወዶ አይደለም። ወጥ ወይም ልጣጭ ተቋጥሮበታል፤ የምግቡ ሽታና ጨው አለበት። ላሚቱ ፈትታ ልጣጩን ብቻ መብላት አትችልም፤ ከነፌስታሉ ትውጠዋለች። ሆዷ ውስጥ አይፈጭም፤ አይወጣም። እየተጠቀለለ ያድግና መኖ የሚያርፍበትን ቦታ ይይዘዋል። ጠግባ እየመሰላት ትከሳለች። በዕርድ ጊዜ ከጨጓራ የተድቦለቦለ ፌስታል ማውጣት ለአራጆች አዲስ ነገር አይደለም። ልጣጩ ለብቻው ቢሆን ለዚያችው ላም መኖ ነበር።

ሌላው ትልቁ ነገር ምግብ አለመድፋት ነው። እዚህ ላይ እናቶቻችን የሚያውቁትን ብናስታውስ ይበቃል። እንጀራ ሦስት አራት ቀን ሲሞላው መሻገት ይጀምራል። ከሻገተ በኋላ የሻገተውን ብቻ ቆርጦ መብላት ልክ አይደለም፤ ሻጋታው ለዓይን ከሚታየው አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሳይሻግት መቅደም ነው። በሁለተኛው ቀን እንጀራው ይበላ እንደሆነ ይታወቃል። ካልተበላ ይቆራረስና ሰፌድ ላይ ፀሐይ ይመታዋል። ድርቆሽ ሆኖ ወር ይቆያል። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ወንድም እህት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሻንጣ ውስጥ ከበርበሬውና ከሽሮው ቀጥሎ ቦታ የሚያዝለት እሱ ነው። ጤፍ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ እንጀራ ሲደፋ ማየት ልቤን ይነካኛል። ቅበላ ላይ የተረፈ ሥጋም እንዲሁ ነው። ዘልዝሎ፣ በርበሬና ጨው አሽቶ መስቀል ነው፤ ጾሙ ሲፈታ ቋንጣ ፍርፍር ይሆናል።

ሁለቱ ባልዲዎች ሥራቸውን ሲሠሩ ለጋሪው የሚተርፈው ትንሽ ነው። ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ የብስኩት ልባስ፣ ያ ስስ ፌስታል። ዳይፐሩ ያስጨንቀኛል። ቤት ውስጥ በምንሆንበት ቀን ለልጃችን የጨርቅ ሽንት ጨርቅ እናደርጋለን። ውሃ በማይኖርባቸው ቀናት አይሆንም። ይህን የሚተካ ነገር እስካሁን አላገኘሁም፤ ያገኘ እናት ወይም አባት ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

አሁን የያዝነው ጉዳይ የሕንፃውን ነው። ለሕንፃችን ኮሚቴ ግቢው ውስጥ ሁለት በርሜል ይቀመጥ ብዬ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። የጽዳት ማኅበሩ ልጆች ደረቁን ለይተው ለመውሰድ ተስማምተዋል፤ ሸጠው ለራሳቸው ያደርጉታል። እርጥቡን ከጥበቃው ቤት ጀርባ ባለችው ባዶ ቦታ እናዳብረዋለን። እማማ ቦታውን መርጠውልናል፤ ጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ ጥግ ነው። ያልተስማማነው በርሜሉን ማን ይግዛ በሚለው ላይ ነው። አንዳንዱ ከወርሃዊ መዋጮው ይሁን ይላል፤ አንዳንዱ ፈቃደኛ የሆነ ብቻ ያዋጣ ይላል። የእኔ ሐሳብ ከመዋጮው እንዲሆን ነው፤ ቆሻሻ የማያወጣ ቤት የለምና። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስብሰባ አለ፤ እዚያው እንወስናለን።